ቁስጥንጥንያ፣ ኢስታንቡል፣ ጻሪግራድ፦ አንዲት ከተማ ይህን ሁሉ ስም ከየት አመጣችው?

ኅዳር 2018 ዓ.ም. ላይ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ቱርክን ጎብኝተው ነበር። ምክንያቱ የኒቅያ ጉባኤ 1700ኛ ዓመት ነው። ዜናውን በአማርኛ የተከታተለ ሰው በስሞቹ ትንሽ ሳይደናገር አልቀረም። በዓሉ የኒቅያ ነው፤ የታሰበው ግን «ኢዝኒክ» በምትባል ከተማ ነው። አብረዋቸው የነበሩት «የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ» ናቸው፤ መንበራቸው ያለው ግን ኢስታንቡል ነው። ቁስጥንጥንያና ኢስታንቡል ሁለት ከተማ የመሰሉት አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም።

በ2014 ዓ.ም. ቱርክ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የምትጠራበትን የእንግሊዝኛ ስም ወደ «ቱርኪዬ» ስታስቀይርም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። አንድን ቦታ የቦታው ሰዎች በሚጠሩበት ስም አለመጥራት ንቀት ነው ወይ? ግሪኮች ዛሬም «ኮንስታንዲኑፖሊ» የሚሉት ከተማዋን ስለሚመኟት ነው? ስሎቬንያውያን «ጻሪግራድ» ሲሉስ ምን ማለታቸው ነው?

መልሱ ፖለቲካ ብቻ አይደለም። እንዲያውም አብዛኛው ፖለቲካ አይደለም። የአንድ ከተማ ስም በሌላ ቋንቋ የሚይዘው መልክ መጀመሪያ የሚነግረን በየትኛው መንገድ እንደመጣ ነው፦ በመርከብ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በጦር ወይስ በፖስታ። ፖለቲካው የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## የቤት ስምና የውጭ ስም

በእኛ አገር አንድ ሰው ብዙ ስም ሊኖረው ይችላል። እናቱ ያወጣችለት አለ፣ የክርስትና ስም አለ፣ በድሮው ዘመን ደግሞ የፈረስ ስም ነበረ። ሁሉም ያው ሰውዬው ናቸው። የትኛው እንደሚነሣ የሚወስነው ጠሪው ማን እንደሆነና የት እንደሚጠራው ነው።

የቦታ ስም አጥኚዎች ይህን በሁለት ቃላት ይለዩታል። «ኢንዶኒም» የሚሉት የቦታው ነዋሪዎች በራሳቸው ቋንቋ የሚጠሩበትን ስም ነው፤ የቤት ስም እንበለው። «ኤክሶኒም» ደግሞ ሌሎች ሕዝቦች በየቋንቋቸው የሚጠሩበት ነው፤ የውጭ ስም ማለት ነው። ቪን የኦስትሪያ ዋና ከተማ የቤት ስም ነው። የእኛው «ቪየና» የውጭ ስም ነው። ሀንጋሪዎች ይቺኑ ከተማ «ቤች» ይሏታል፤ ስሎቬንያውያን «ዱናይ»። ቪን የሚል ድምፅ በሁለቱም ውስጥ የለም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ ጂኦግራፊ ስሞች የሚመክር የባለሙያዎች ቡድን አለው። በ1972 ለንደን ላይ የተደረገው ጉባኤ አገሮች የውጭ ስሞችን እየቀነሱ እንዲሄዱ የሚመክር ውሳኔ አሳልፏል። ይመክራል እንጂ አያስገድድም። ማስገደድም አይችልም፤ የሰውን አፍ ማን ይቆጣጠራል?

አማርኛም በውጭ ስም የተሞላ ነው። ግብፆች አገራቸውን «ምስር» ነው የሚሉት፤ እኛ ግብፅ እንላለን። ግሪኮች «ኤላዳ» ይላሉ፤ እኛ ግሪክ። ማንም ተቀይሞ አያውቅም። ታዲያ ኢስታንቡል ላይ ሲደርስ ነገሩ ለምን ይከርራል?

## አጭር የስም ታሪክ

ከተማዋን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ከሜጋራ የመጡ ግሪኮች ናቸው። ስሟን ቢዛንጥዮን አሏት። በ330 ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ መናገሻው አድርጎ መረቃት። «አዲሲቱ ሮም» ተባለች። ሕዝቡ አፍ ላይ የጸናው ግን «ኮንስታንቲኑፖሊስ» ነው፤ የቆስጠንጢኖስ ከተማ ማለት ነው። ሁለቱም ስሞች በፓትርያርኩ ማዕረግ ውስጥ እስከ ዛሬ ጎን ለጎን አሉ፦ «የቁስጥንጥንያ፣ የአዲሲቱ ሮም ሊቀ ጳጳስ»።

በነገራችን ላይ ዛሬ «የባይዛንታይን መንግሥት» የምንለውን መንግሥት የራሱ ሰዎች እንዲያ ብለው አልጠሩትም። ራሳቸውን ሮማውያን ነበር የሚሉት። «ባይዛንታይን» መንግሥቱ ከጠፋ በኋላ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራብ አውሮፓ ምሁራን በኩል የገባ ስያሜ ነው። በቀደሙት የግዕዝ መጻሕፍት «ንጉሠ ሮም» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጣሊያን ያለችው ሮም አይደለችም፤ የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ነው። ዐረቦችም «ሩም» ሲሉ እነዚሁኑ ማለታቸው ነበር።

በ1453 ኦቶማን ቱርኮች በዳግማዊ መሐመድ መሪነት ከተማዋን ያዙ። እዚህ ላይ በብዛት የሚደገም ስሕተት አለ። ቱርኮች እንደገቡ ስሟን ኢስታንቡል ብለው ቀየሩት ይባላል። አልቀየሩትም። የኦቶማን ሱልጣኖች ሳንቲሞች ለብዙ መቶ ዓመታት «ቆስጠንጢኒዬ» የሚለውን ስም ይዘው ወጥተዋል። ይህም የዐረብኛው «አል-ቁስጠንጢኒያ» የቱርክኛ አነባበብ ነው። ከተማዋን የወሰደው መንግሥት ራሱ በመሥራቿ በክርስቲያኑ ንጉሥ ስም ሲጠራት ኖረ ማለት ነው።

## ድምፁን የወሰዱ

ምዕራብ አውሮፓ ስሙን ያገኘው በላቲን በኩል ነው። ላቲኑ «ኮንስታንቲኖፖሊስ» ይላል። ከዚያ እያንዳንዱ ቋንቋ ጫፉን በራሱ ልክ ቆረጠው። ፈረንሳይኛ ኮንስታንቲኖፕል፣ ጀርመንኛ ኮንስታንቲኖፐል፣ ስፓኒሽ ኮንስታንቲኖፕላ፣ ፖላንድኛ ኮንስታንቲኖፖል፣ ፊንላንድኛ ኮንስታንቲኖፖሊ አለ። ሀንጋሪኛው «ፖሊስ»ን (በግሪክኛ ከተማ ማለት ነው) «አፖይ» አድርጎታል። ይህን ያደረገው በዚህች ከተማ ላይ ብቻ አይደለም፤ የጣሊያኗ ናፖሊም በሀንጋሪኛ በዚሁ ድምፅ ነው የምታልቀው። እሷም «ኔያፖሊስ»፣ አዲስ ከተማ ነበረች።

ጣሊያንኛው ላይ ትንሽ እንቆይ። «ኮስታንቲኖፖሊ» ይላል። ከ«ስ» በፊት የነበረው «ን» ጠፍቷል። ይህ ግድፈት አይደለም። በላቲን የአነጋገር ልማድ ከ«ስ» በፊት ያለ «ን» ደካማ ነበር፤ ሲነገር ይዋጣል። አሁን አማርኛውን እንይ፦ ቆስጠንጢኖስ። እኛም ጋ የመጀመሪያው «ን» የለም። በሱርስትና በዐረብኛም የለም። ሕዝብ በአፉ የዋጠው አንድ ፊደል ከሮም እስከ ኢትዮጵያ ጠፍቶ ቀርቷል ማለት ነው።

## ትርጉሙን የሰጡ

ከሰሜንና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት ግን የቆስጠንጢኖስን ስም ይዘው አልተጨነቁም። ያዩትን ጠሩ።

ስላቮች «ጻሪግራድ» አሏት። «ጻር» እኛ የሩሲያ ዛር የምንለው ነው። ሥሩ «ቄሳር» ነው፤ የወንጌሉ ቄሳር። «ግራድ» ከተማ ነው። ስለዚህ ጻሪግራድ የንጉሠ ነገሥቱ ከተማ ናት። ግሪኮች ራሳቸው ከተማዋን «ቫሲሌቩሳ»፣ ነጋሢቷ፣ ይሏት ስለነበር ስላቮች ሐሳቡን ተርጉመው የወሰዱት ይመስላል። ድምፅ ሳይሆን ትርጉም ሲወሰድ የቋንቋ ሰዎች «ካልክ» ይሉታል። ሩሲያዊው ጻርግራድ፣ ቼኩ ጻርዢህራድ፣ ሰርቡና ቡልጋሩ ጻሪግራድ ይላል። ቡልጋሪያ ዋና ከተማ ሶፍያ ውስጥ ካሉት ትልልቅ ጎዳናዎች አንዱ እስከ ዛሬ «ጻሪግራድስኮ ሾሴ» ነው፤ የጻሪግራድ መንገድ። ስሎቬንያ ውስጥ ደግሞ ስሙ የታሪክ ብቻ አይደለም። የዛሬዋን ከተማ፣ አውሮፕላን የሚያርፍባትን ኢስታንቡል፣ ጻሪግራድ ይሏታል።

የስካንዲኔቪያ ሰዎች «ሚክላጋርድ» አሏት። «ሚኪል» ትልቅ፣ «ጋርድ» የታጠረ ቦታ። ትልቁ ቅጥር እንበለው። ሰዎቹ በሩሲያ ወንዞች ወርደው ለንግድ መጡ፤ ቆይቶም «ቫራንጋውያን» እየተባሉ የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ ሆኑ። ከእነርሱ አንዱ «ሀልፍዳን» የሚል ስሙን በሰሜናውያን ፊደል በከተማዋ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በነበረችው በአያ ሶፍያ እብነ በረድ ላይ ጭሮ ሄዷል። ጽሑፉ አሁንም ይታያል። ከእንጨት ቤት መንደር የመጣ ሰው ከተማዋን የከበበውን የቴዎዶስዮስን ግንብ ሲያይ ሌላ ምን ይበል? ትልቁ ቅጥር ነው የሚለው።

የስላቩ «ግራድ» እና የሰሜኑ «ጋርድ» ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም መነሻቸው «አጥር፣ ቅጥር» ከሚል አንድ ጥንታዊ ቃል ነው። የእንግሊዝኛው «ጋርደን»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። አንዱ ጋ ከተማ ሆነ፣ አንዱ ጋ የአትክልት ቦታ።

## ታዲያ «ኢስታንቡል» ቱርክኛ ነው?

ብዙ ሰው የሚገረመው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ አጥኚዎች የሚቀበሉት መልስ ስሙ ግሪክኛ ነው የሚል ነው። «ኢስ ቲን ፖሊን» ማለት «ወደ ከተማ» ወይም «ከተማ ውስጥ» ነው። በዚያ አካባቢ ለኖረ ሰው «ከተማ» ሲባል ሌላ ከተማ አይታሰብም። ግሪኮች ዛሬም በቤት ወሬ «ኢ ፖሊ» ይላሉ፤ ከተማዋ። አርመኖችም «ቦሊስ» ይሏታል፤ ያው ቃል ነው።

ይህ አጠራር ከኦቶማኖች በፊት የነበረ ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ዐረባዊ ጸሐፊ አል-መስዑዲ ግሪኮች ከተማቸውን «ቡሊን» እና «ኢስታን ቡሊን» እንደሚሏት ጽፏል። ይህ ከ1453 በ500 ዓመት ገደማ ይቀድማል።

የባዕድ ተራ ቃል የቦታ መጠሪያ ሆኖ ሲቀር ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። «መርካቶ» በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ብቻ ነው። «ፒያሳ» አደባባይ ነው። ጣሊያንኛ የማያውቅ ሰው መርካቶ ወርዶ ሲገዛ «ገበያ ገበያ» እያለ አይደለም፤ ለእሱ የአንድ ሰፈር ስም ነው። ቱርኮችም ኢስታንቡል ሲሉ እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ኢዝኒክ እንመለስ። «ኢስ ኒኬያን»፣ ወደ ኒቅያ። ኢስና ኒኬያ ተጣብቀው ኢዝኒክ ሆኑ። የጉባኤዋ ኒቅያና የዜናዋ ኢዝኒክ በዚህ መንገድ አንድ ናቸው። ኒቆሜዲያም በተመሳሳይ መንገድ ኢዝሚት ሆናለች፤ የቆስ ደሴት በቱርክኛ ኢስታንኮይ ተብላለች። በሌላ አነጋገር ኢስታንቡል ለብቻዋ የተፈጠረች ልዩ ስም አይደለችም። አንድ ሰፈር ሙሉ ስም በዚሁ ፋብሪካ ነው የወጣው።

ማብራሪያው ግን አንድ ድካም አለው። ግሪኩ «ቲን» ነው የሚለው፤ ቱርኩ «ታን» ነው። «ኢ» እንዴት «ኣ» ሆነ? አንዳንዶች በአንዳንድ የግሪክ ዘዬዎች «ታን» ይባል ስለነበር ከዚያ ነው ይላሉ። አንዳንዶች ደግሞ የለም፣ ስሙ ከራሱ ከኮንስታንቲኖፖሊስ ተቆርጦ የቀረ ነው ይላሉ፦ መካከሉና ዳሩ ወድቆ «ስታን...ፖል» ቀረ። አል-መስዑዲ የጻፈው ግን «ኢስታን» ተለይቶ፣ «ቡሊን» ለብቻው ስለሆነ የመጀመሪያውን ሐሳብ የሚያጠናክር ይመስላል። ሦስተኛ ትርጓሜም አለ። «ኢስላምቦል»፣ እስልምና የበዛባት። ይህ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሳንቲም ላይ ሳይቀር ታትሟል። ነገር ግን ከነባሩ ስም ላይ በኋላ የተሠራ የቃል ጨዋታ ነው እንጂ መነሻው አይደለም።

የመጀመሪያው «ኢ» ነገርም አለ። ከግሪኩ «ኢስ» የመጣ ሊሆን ይችላል። ግን ቱርክኛ በ«ስት» ወይም «ስም» የሚጀምር ቃል ሲገጥመው ራሱ «ኢ» የመጨመር ልማድ አለው፤ ስሚርና ኢዝሚር ሆናለች። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የግሪኩ «ስቴፋኖስ» እኛ ጋ ሲደርስ እስጢፋኖስ ሆነ። ስፖርትን እስፖርት የሚል ሰው ሞልቷል። ስፓኒሽም እንደኛው ነው፦ ስቴፋኖስን «እስቴባን» ይለዋል፤ ኢስታንቡልንም «እስታምቡል»። ሩሲያውያንና ፖላንዶች ግን ሁለት ድምፅ ተደራርቦ ቢጀምር አያስቸግራቸውም። ስለዚህ ሩሲያኛው «ስታምቡል»፣ ፖላንድኛው «ስታምቡው» ነው። የላትቪያው «ስታምቡላ»፣ የሊትዌኒያው «ስታምቡላስ» ነው፤ ጫፋቸው ላይ የራሳቸውን የስም ቅጥያ ጨምረውበታል።

በብዙዎቹ ውስጥ «ን» ወደ «ም» መዞሩን አስተውሉ። ፖርቱጋልኛም «ኢስታምቡል» ብሎ ነው የሚጽፈው። ከ«ብ» በፊት ያለ «ን» ወደ «ም» መሳቡ የአፍ ሥራ ነው። «ወንበር» ብለን እንጽፋለን፤ ስንናገር «ወምበር» ነው። አንበሳም አምበሳ ይሆናል።

## የፖስታው ሕግ

እስካሁን ያየነው ሁሉ የአፍ፣ የጆሮና የመንገድ ጉዳይ ነው። ፖለቲካው የሚገባው በ1930 ነው።

በዚያ ዓመት መጋቢት ወር የወጣው የቱርክ የፖስታ ሕግ የውጭ አገር ሰዎች የቱርክን ከተሞች በቱርክኛ ስማቸው እንዲጽፉ ጠየቀ። «ኮንስታንቲኖፕል» ተብሎ የተላከ ደብዳቤ ከእንግዲህ አይደርስም ተባለ። ስሚርና ኢዝሚር፣ አድሪያኖፕል ኤዲርኔ፣ አንጎራ አንካራ ይባሉ ተባለ። አንጎራ ዛሬ የቀረችው በፍየሏ፣ በድመቷና በጥንቸሏ ስም ነው።

ለምን በፖስታ? ሁለት ነገር አብሮ ይታያል። አንደኛው ፊደል ነው። ቱርክ በ1928 የዐረብ ፊደልን ትታ የላቲን ፊደል ያዘች። ከዚያ በፊት አንድ ፈረንሳዊ የከተማዋን ስም እንደፈለገ ቢጽፈው «ልክ እንዲህ ጻፈው» የሚባል ነገር አልነበረም፤ ፊደሉ የተለያየ ነው። ከ1928 በኋላ ግን የቱርኩ አጻጻፍና የአውሮፓው አጻጻፍ በአንድ ፊደል ላይ ተገናኙ። መንግሥት «በእኔ ፊደል አጻጻፉ ይህ ነው» ማለት ቻለ።

ሁለተኛው ሉዓላዊነት ነው። በኦቶማን ዘመን ኦስትሪያ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ብሪታንያ፣ ጣሊያንና ሩሲያ በከተማዋ ውስጥ የየራሳቸው ፖስታ ቤት ነበራቸው። የራሳቸውን ቴምብር ይሸጡ ነበር፤ አንዳንዱ ቴምብር ላይ የከተማዋ ስም በእነርሱ አጻጻፍ ታትሞበታል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ከተማዋ ከ1918 እስከ 1923 በአሸናፊዎቹ ጦር ቁጥጥር ሥር ቆየች። ከእነዚያ ፖስታ ቤቶች የቀሩት ያበቃላቸው ቱርክ ከአሸናፊዎቹ ጋር በተፈራረመችው በ1923ቱ የሎዛን ውል ነው። ይህን ለሚያስታውስ መንግሥት በፖስታ ላይ የሚጻፍ ስም ቀላል ነገር አልነበረም።

ውጤቱ ግን አስገራሚ ነው። ሕግ ስሙን ቀየረ፤ አፉን አልቀየረም። አውሮፓውያን አዲሱን ስም ተቀበሉ፤ ሲቀበሉት ግን እያንዳንዱ እንደገና በራሱ አፍ አላመጠው። እስታምቡል፣ ስታምቡል፣ ስታምቡው የተባሉት ሁሉ የተቀበሉት ያንኑ ስም ነው። አንዱ የውጭ ስም ወጥቶ ሌላ የውጭ ስም ገባ። ጭራሽ ያልቀየሩትም አሉ፤ ግሪኮችና ስሎቬንያውያን።

## ቁስጥንጥንያ እኛ ጋ በየት በኩል መጣች?

የእኛው ስም የራሱ መንገድ አለው። «ቁስጥንጥንያ» ላይ «ፖሊስ» የለም። ግሪኩ፣ ላቲኑ፣ ፈረንሳይኛው ሁሉ ፖሊስን ይዘዋል፤ እኛ የለንም። በምትኩ «ያ» አለ። ይህ የዐረብኛው «ቁስጠንጢኒያ» ቅርጽ ነው። ዐረብኛ ፖሊስን ጥሎ የራሱን የቦታ ቅጥያ ተካበት፤ የግዕዙም ስም ያንኑ መልክ ይዟል። እስክንድርያም እንዲሁ ናት። ግሪኩ «አሌክሳንድሪያ» ነው የሚለው፤ ዐረብኛ መጀመሪያ ላይ ያለውን «አል» የራሱ አመልካች ቃል (እንደ እንግሊዝኛው «ዘ») መስሎት ለየውና «አል-ኢስከንደሪያ» አለ። የእኛዋ እስክንድርያም ያለ «አል» ቀረች። ስሞቹ በግብፅ ቤተ ክርስቲያን በኩል ለመምጣታቸው ከዚህ የተሻለ ምልክት ያለ አይመስልም።

ጥብቅ ድምፆቹ «ቁ» እና «ጥ» ግን የዐረብኛ ውርስ ብቻ ናቸው ማለት አይቻልም። ግዕዝ የግሪክን «ክ» እና «ት» በ«ቅ» እና «ጥ» የመጻፍ የቆየ ልማድ አለው፦ ጴጥሮስ፣ ማርቆስ።

ለኦርቶዶክስ አንባቢ ስሟ አዲስ አይደለም። ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ በኒቅያ፣ መቶ ሃምሳው በቁስጥንጥንያ፣ ሁለት መቶው በኤፌሶን ተብሎ (ቁጥሮቹ በየጉባኤው የተሰበሰቡት ሊቃውንት ናቸው) ሲነበብ ኖሯል፤ የመቶ ሃምሳው ጉባኤ የተደረገው በ381 ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም የንግሥ ስማቸው ቆስጠንጢኖስ ነበር። ከ1434 እስከ 1468 ነገሡ። የቆስጠንጢኖስ ከተማ የወደቀችው እሳቸው ቆስጠንጢኖስ ተብለው በዙፋን ላይ ሳሉ ነው።

## የሚጋጩት ሐሳቦች

በቱርክ በኩል ያለው ስጋት ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የግሪክ ፖለቲካ «ትልቁ ሐሳብ» የሚሉት ሕልም ነበረው፤ ግሪኮች የሚኖሩበትን ሁሉ አንድ አድርጎ መናገሻውን ቁስጥንጥንያ ማድረግ። ያ ሕልም በ1922 በጦር ሜዳ አበቃ። የሩሲያ ብሔርተኞችም «ጻርግራድ»ን ሲያነሡ የኖሩት በታሪክ ናፍቆት ብቻ አልነበረም። በ1915 ብሪታንያና ፈረንሳይ ከተማዋን ለሩሲያ ለመስጠት በምስጢር ተስማምተው ነበር። ስለዚህ አንድ ቱርክ የድሮውን ስም ሲሰማ ከጀርባው የይገባኛል ጥያቄ ቢሸተው ምክንያት አለው።

በግሪኮች በኩል የሚሰጠው መልስም ክብደት አለው። ቱርኮችም አቴንስን «አቲና»፣ ተሰሎንቄን «ሴላኒክ»፣ ግሪክን ራሷን «ዩናኒስታን» ነው የሚሉት። የቱርክ ሪፐብሊክ መሥራች አታቱርክ የተወለዱባትን ከተማ ማንም ቱርክ «ቴሳሎኒኪ» አይላትም። የውጭ ስም ወረራ ከሆነ ሁሉም ወራሪ ነው።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር ያለ ይመስለኛል። ግሪካዊት አያት «ፖሊ» ስትል የቋንቋዋን ቃል እየተጠቀመች ነው። አንድ ፖለቲከኛ ሆን ብሎ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለቱርክ ባለሥልጣን «ኮንስታንቲኖፕል» ሲል ግን ሌላ ነገር እያለ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ድርጊቱ ሁለት። በዩክሬን ዋና ከተማ ስም፣ በኪዬቭና በኪዪቭ ላይም የሆነው ይኸው ነው። ዩክሬን በእንግሊዝኛ የሩሲያኛው አጻጻፍ እንዲቀር ጠየቀች፤ አሶሺዬትድ ፕሬስ በ2019 ተቀበለው። ፖላንዶች ግን «ኪዩፍ» ማለታቸውን ቀጥለዋል፤ ዩክሬንም አልተጣላቻቸውም። የፖላንዱ ስም በሞስኮ በኩል የመጣ አይደለምና።

ከሁሉ የሚከብደው የፓትርያርኩ ማዕረግ ነው። ለቤተ ክርስቲያን «የቁስጥንጥንያ» የሚለው ቃል የቦታ አድራሻ ሳይሆን የመንበር ስም ነው፤ በጉባኤ የተሰጠ ማዕረግ ስለሆነ ፖስታ ቤት አይቀይረውም። የቱርክ መንግሥት ግን «የፈነር ሩም ፓትርያርክ» ይላቸዋል፤ ፈነር መንበሩ ያለበት ሰፈር ነው። በ2007 የቱርክ ከፍተኛ የይግባኝ ፍርድ ቤት ፓትርያርኩ በአገሪቱ ያሉ የግሪክ ኦርቶዶክሶች መሪ ብቻ እንደሆኑ ወስኗል። ስለዚህ የኅዳሩ ዜና ላይ የትኛውን ስም እንደጻፉ ማየት የዘጋቢውን አቋም ባይነግርም ምንጩን ይነግራል።

## በአማርኛ ምን ይጻፍ?

ለአማርኛ ጸሐፊ ነገሩ በሦስት ይከፈላል። ስለ 381 ወይም ስለ 1453 ሲጻፍ «ኢስታንቡል ወደቀች» ማለት ጆሮ ይጎረብጣል፤ በዚያ ቦታ ቁስጥንጥንያ ትሻላለች። ስለ ፓትርያርኩ ሲጻፍም እንዲሁ። ዛሬ ከቦሌ ተነሥቶ ሸቀጥ ሊያመጣ የሚሄደው ነጋዴ ግን የሚሄደው ኢስታንቡል ነው፤ ትኬቱ ላይ ቁስጥንጥንያ የሚል ቢያገኝ ይደነግጣል። የሚያስቸግረው በመካከል ያለው ዘመን፣ ከ1453 እስከ 1930 ያለው ነው። ሁለቱም ስሞች አብረው ይሠሩ ነበርና አንዱን መርጦ ሌላውን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አንድ ጊዜ ማስታወስ ይበቃል።

«ቱርኪዬ»ን በተመለከተ ለአማርኛ የሚቀየር ብዙ ነገር የለም። የቱርክ መንግሥት አንዱ ቅሬታ በእንግሊዝኛ የአገሪቱ ስም ከአንድ ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ ስም ጋር መመሳሰሉ ነው። አማርኛ ውስጥ «ቱርክ» ሲባል የሚታሰበው አገሩና ሕዝቡ ነው።

የቀረው «ኢስታንቡል» ነው ወይስ «ኢስታምቡል» የሚለው ነው። ሁለቱም በአማርኛ ጽሑፎች ላይ ይታያሉ። በ«ን» መጻፉ ከቱርክኛው አጻጻፍ ጋር ይሄዳል፤ «ወንበር»ንም በ«ን» ነው የምንጽፈው። ሲነበብ መቼም «ም» መሆኑ አይቀርም።